«ውስጠ ወይራ አትናገሪኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰናይት፦
ሰላም ለቤቱ። ትናንት ማታ እህቴ የምትከታተለው ሪያሊቲ ሾው ላይ (ወጣቶች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው የሚከርሙበት ዓይነት) አንዷ ዕቃ እያጠበች፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔን እናቴ በልቶ መነሣት አላስለመደችኝም» አለች። ሶፋው ላይ የተጋደመችው ብድግ ብላ «ውስጠ ወይራ አትናገሪኝ፤ ካለሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ!» አጣቢዋ ደግሞ «ኧረ እኔ ስለ እናቴ ነው የማወራው።» ይሄ ውስጠ ወይራ ነው ወይስ አሽሙር?

የቆሎ ተማሪ፦
ውስጠ ወይራ የቅኔ መንገድ ነው እንጂ የሶፋ ጠብ አይደለም። ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ጠንካራ። የወይራ ሽመል የቀመሰ ያውቀዋል።

ጓሮ ጎመን፦
እኔ በሽመሉ አላምንም። አያቴ የወተት ዕቃውንም የጠላ ጋኑንም በወይራ ስታጥን አይቼ ነው ያደግሁት። እንጨቱ አይታይም፤ ስትጠጣው ግን እዚያው አለ። ነገሩም እንደዚያው ነው፣ ሳይታይ ይሸታል።

የቆሎ ተማሪ፦
እሜቴ፣ ጭስ ቅኔ አይቆጥርም።

ባለዳዊት፦
ሁለታችሁም ሥሩን ዘለላችሁት። «ውስጠ» የግእዝ አነጋገር ነው፣ እንደ «ቤተ»። ወይራ ግን አማርኛ ነው፤ ግእዙ ዘይት ነው። ደብረ ዘይት እንላለን፤ ደብረ ወይራ ያለ ሰው ሰምታችኋል? እንዲህ የተዳቀለ ቃል ከቅኔ ቤት ወጣ ብሎ መማል ይከብደኛል።

የቆሎ ተማሪ፦
«ሰምና ወርቅ» ላይ ያለችው «ና» ግእዝ ናት እንዴ? መምህራኑ በአማርኛ እንደሚያስተምሩ ዘነጋኸው። ለመሆኑ ዋሸራ ቅኔ ቤት ስንት ዓመት ተቀመጥክ?

ባለዳዊት፦
ዋሸራ አልደረስኩም። ስሜ እንደሚነግርህ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ሜሪላንድ ለመኖር እሱ ይበቃል።

የሐይፋው፦
እዚህ እስራኤል ፊት ለፊት መናገር «ዱግሪ» ይባላል። ከቱርክኛው «ዶግሩ» በዐረብኛ በኩል የገባ ነው፣ ቀጥ ያለ ማለት። ኢትዮጵያ የተወለደች ልጅ በ2013 እ.ኤ.አ. የእዚህን ቢግ ብራዘር ካሸነፈች ወዲህ እናቴም ሾው ታያለች። ፊት ለፊት ሲሞላለጩ ቆይተው አብረው ሲበሉ ይገርማታል። «ምነው ነገሩን ትንሽ ቢጠቀልሉት» ትላለች። ልጆቼ ደግሞ እሷ «ቤቱ በረደኝ» ስትል መስኮት ዝጉ ማለቷ እንደሆነ አይገባቸውም። እኔ ነኝ የምዘጋው።

ጓሮ ጎመን፦
እናትዎን ሳሙልኝ። ሰናይት፣ የነገሩ ቁልፍ «ስለ እናቴ ነው» ማለቷ ላይ ነው። መካጃ በር ትታለች። ሰነፏን ፈርታ እናቷን ጠራች፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

የቆሎ ተማሪ፦
እሱ ተረት ነው፤ ለተረት ሌላ ርዕስ ክፈቺ።

ሰናይት፦
እሺ፣ ስለዚህ አሽሙር ነው ማለት ነው?

ባለዳዊት፦
ቆይ፣ መጀመሪያ «አሽሙር» ላይ ያለችው «አ» ከሥሩ ናት ወይስ ቅጥያ? «ሽሙጥ»ን ተመልከቱ፣ እሱ «አ» የለውም።

የቆሎ ተማሪ፦
አሁን ገና ቁም ነገር መጣ።