የድሮ መኪና እርሳስ በሌለው ቤንዚን ሲነዳ ባልቦላው ይበላል?

ካርቡሬተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች የቤንዚን መኪና አለችኝ። ሞተሯ የፋብሪካው ነው፣ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ካስት አይረን (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ነው፣ ተከፍቶም አያውቅም። ያኔ ቤንዚኑ እርሳስ ነበረው፣ አሁን የለውም። አንዱ መካኒክ «ባልቦላው (የሞተሩን መግቢያና ጭስ ማውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው) መቀመጫውን ይበላዋል፣ ቴስታታውን አውርደህ ጠንካራ ቀለበት አስገባ» ይለኛል፣ ሌላው «ነዳጅ በሞላህ ቁጥር እርሳሱን የሚተካ ማሟያ ጨምርበት በቃ» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም ብር ለመብላት ነው ብሎ ይከራከራል። ሰሞኑን የባልቦላ ክፍተት (ባልቦላው ተዘግቶ ሳለ በእሱና በሚገፋው ክንድ መሀል የሚቀረውን ስስ ቦታ) ለካሁ። መመሪያው ለጭስ ማውጫ ባልቦላ 0.30 ሚሊ ሜትር ይላል፣ አንዱ ላይ ግን 0.20 አገኘሁ። ሌሎቹ ልክ ናቸው። ልስጋ?

ቶርኖ ቤት፦
መለካትህ ጥሩ ነው። ከዚህ ወዲያ መልሱን የሚሰጥህ ራሱ ሞተሩ ነው።

እርሳስ ቤንዚን ውስጥ መግባት የጀመረው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ ዓላማውም ኦክቴኑን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙን) ከፍ አድርጎ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ማድረግ ነበር። ባልቦላ መጠበቁ በጎን የመጣ ጥቅም ነው። ሲቃጠል የሚተወው ስስ ሽፋን በጭስ ማውጫው ባልቦላና በመቀመጫው መሀል ይቀራል። ሽፋኑ ሲጠፋ የጋለው ባልቦላ መቀመጫው ላይ ባረፈ ቁጥር ብረት ከብረት በጥቂቱ ይጣበቃል፣ ሲነሳ ቅንጣት ነቅሎ ይሄዳል፣ ያ ቅንጣት ደግሞ በሙቀቱ ይጠነክርና መልሶ መቀመጫውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ባልቦላው ወደ ቴስታታው ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ባልቦላው አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት) ያመልጣል፣ የሚያመልጠው እሳት ባልቦላውን ያቃጥለዋል።

ልብ በል፣ ክፍተት ሲጠብ የባልቦላው ድምፅ ይቀንሳል። ሰው «ሞተሬ ጸጥ አለልኝ» ብሎ ይደሰታል፣ ውስጡ ግን እየተበላ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ብትንጣጣ ይሻላል። የመግቢያው ባልቦላ ግን ብዙ አያሳስብህ፣ የሚገባው አየርና ቤንዚን ያቀዘቅዘዋል።

አሁን ያንን አንዱን አስተካክለውና ቁጥሩን ጻፍ። ከዚያ እንደ ወትሮህ ንዳና ሞተሩ በመጀመሪያው ልክ ሲሆን (ቀዝቅዞ ከነበረ ቀዝቅዞ፣ ሞቆ ከነበረ ሞቆ) እንደገና ለካ። ያው ባልቦላ ዳግም ከጠበበ መቀመጫው እየተበላ ነው። ካልጠበበ ቴስታታህን አትንካው። የድሮው እርሳስ የተወው ሽፋን ለተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፣ ባልቦላውን አውርደህ ስታስፈጭ ግን እሱም አብሮ ይሄዳል።

ነባሩ ሹፌር፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን አነዳድህን ሳይነግረን መፍረድ አይቻልም። ቀስ ብሎ አጭር መንገድ ለሚሄድ ሰው መበላቱ በጣም አዝጋሚ ነው። ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር መንዳት፣ ጭነት መጎተት፣ ዳገት ላይ ማስጮህ ነው የሚያፈጥነው። ቴስታታቸው አሉሚኒየም የሆነ ደግሞ ዝም ብለው ይንዱ፣ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ፋብሪካው ገና ሲሠራው የብረት ቀለበት አስገብቶበታል።

ስለ ማሟያው፦ በፖታሲየም፣ በሶዲየም፣ በማንጋኒዝ ወይም በፎስፈረስ የተሠሩ አሉ። አንዱን ከመረጥክ እሱን ያዝ፣ አትቀላቅል። ጠርሙሱ ላይ «ኦክቴን ይጨምራል» ስለተባለ ብቻ ባልቦላ ይጠብቃል ማለት አይደለም፣ ስለ ባልቦላ መቀመጫ በግልጽ የተጻፈበትን ፈልግ።

ካርቡሬተር፦
በጣም አመሰግናለሁ። አነዳዴ አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ነው። ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ያንኳኳል፣ እሱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል? አንድ ሰው ደግሞ የአውሮፕላን ቤንዚን ቀላቅልበት ብሎኛል።

ቶርኖ ቤት፦
ማንኳኳቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የኦክቴን ነው። የሞተርህ ኮምፕሬሽን ከፍ ያለ ከሆነ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሙላ፣ እሱ ካልተገኘ የእሳቱን ታይሚንግ (ቤንዚኑ የሚለኮስበትን ቅጽበት) ጥቂት ዲግሪ አዘግየው። አታብዛው ግን። ሲበዛ ጭሱ በጣም ይግላል፣ ያ ደግሞ ያንኑ የምንሳሳለትን ባልቦላ ይጎዳል። ቀለበት ማስገባት ግድ ከሆነም በጭስ ማውጫው በኩል ብቻ ይበቃል። የሚቆርጠውን ሰው ምረጥ፣ በአንዳንድ ቴስታታ ላይ ከመቀመጫው ሥር ያለው ብረት ስስ ስለሆነ ወደ ውሃው መተላለፊያ ሊበሳ ይችላል።

ጭስ ይቅር፦
እባክህ ወንድሜ፣ የአውሮፕላኑን ቤንዚን ተወው። በፒስተን ሞተር ለሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሸጠው በብዛት አሁንም እርሳስ አለበት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለመኪና መሸጡ የቀረውም ለዚህ ነው፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመች። አንተ የምትነዳው ደግሞ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እርሳሱ በመቅረቱ ሞተሩ ራሱ ተጠቅሟል፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው) ቶሎ አይቆሽሽም፣ ማርሚታም (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) እንደ ድሮው ቶሎ አይበሰብስም።

ይልቅ የጎማ ቱቦዎችህን እይ። የምትሞላው ቤንዚን ኢታኖል ካለበት የዚያን ዘመን ጎማ ያለሰልሰዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። ከካርቡሬተሩ ሥር በጣትህ ዳብሰው፣ ከተጣበቀብህ ወይም ቤንዚን ከሸተተህ ኢታኖል በሚችል ቱቦ ዛሬውኑ ቀይረው። ባልቦላው ጊዜ ይሰጥሃል፣ የጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ግን አይሰጥም።