የቻይናው የሩዝ ገንፎ ለምን ሩዝና ውሃ ሆኖ ይለያይብኛል?

የመርካቶው፦
ሰላም ቤተሰብ። ዕቃ ለማምጣት ጓንዡ ስመላለስ ከማርፍበት ሆቴል አጠገብ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረች፣ ጠዋት ጠዋት ጁክ የሚሉትን የሩዝ ገንፎ እዚያ ነበር የምበላው። ገንፎ ስላችሁ የኛው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከአጥሚት ትንሽ ወፈር ያለ፣ ጨው ያለው፣ በማንኪያ የሚጠጣ ነገር ነው። ሰውዬው ሳህኑ ሥር ስስ ስስ አድርጎ የቆረጠውን ጥሬ ዓሣ ይደረድርና የሚንተከተከውን ጁክ በጭልፋ ይገለብጥበታል፣ ዓሣው ዓይኔ እያየ ይነጣል። ከላይ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል፣ አለቀ።

ቤት ስሞክረው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጥጄው ሩዙ ከታች፣ ውሃው ከላይ። ትናንት እሳት ጨመርኩበት፣ ገንፍሎ ምድጃውን አበላሸው፣ ሥሩም አረረ። ባለቤቴ «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ውሃው ያልተጠነፈፈ ሩዝ?» ብላ ሳቀችብኝ። 1 ብርጭቆ ባስማቲ በ5 ብርጭቆ ውሃ ነው የማደርገው። የት ጋ ተሳሳትኩ?

ስመኝ፦
ሩዙ ጋ። ባስማቲ የሚወደደው ፍሬው ስለማይጣበቅ ነው፣ አንተ ደግሞ እንዲፈርስልህ ነው የምትፈልገው። ጃስሚን ፈልግ፣ ካጣህ አጭር ፍሬ ያለው ሩዝም ይሆናል። ቢጫ ቢጫ የሚለውን፣ ከፋብሪካ ቀቅለው ያደረቁትን ግን እንዳትሞክረው፣ እስከ ማታ ብትጥደው ንቅንቅ አይልም። ውሃውን 10 ብርጭቆ አድርገው።

እኔ ሩዙን ማታ አጥቤ አንጠፈጥፍና በላስቲክ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ፍሬው የያዘው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል፣ ጠዋት ከነቅዝቃዜው የፈላ ውሃ ውስጥ ስትጨምረው ቶሎ ይፈርሳል።

ጓንዡ ያለሁ፦
ስመኝ ልክ ናት፣ ግን ፍሪዘሩ የግድ አይደለም። እዚህ ብዙዎቹ ሩዙን በትንሽ ዘይትና ጨው አሽተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩታል፣ እሱም ይሠራል።

አንድ የረሳችሁት ነገር አለ። ጓንዡ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፣ ውሃው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃው 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅልህም። ስለዚህ እዚህ አንድ ሰዓት ከሚፈጀው ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ጨምርበት። እሳት መጨመር ማሳረር ብቻ ነው። ክዳኑን ገርበብ አድርገህ በዝግታ ይንተክተክ፣ መጨረሻ ላይ 20 ደቂቃ ያህል አማስለው። ካረረ ሥሩን አትፋቅ፣ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው። ጨው ከወረደ በኋላ።

ዓሣውን ግን እንደ ሰውዬው ሳህን ላይ አትተማመንበት። ቆሮሶም ቢሆን ድስቱ ውስጥ ጨምረህ እስኪነጣ አብስለው። በነገራችን ላይ ጥቁር እንቁላል (አቆይተው ያጠቆሩት የእንቁላል ዓይነት) ያለበትን ጁክ የምታዙ ሰዎች ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት።

ጾመኛው፦
ያለ ዓሣና ሥጋ ጣዕም ይኖረዋል?

ስመኝ፦
በደንብ። እንጉዳይ በዝንጅብል ጠበስ አድርገህ ጨምርበት፣ ሶያ ሶስና ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት ከላይ። እነሱ ዮውትያው የሚሉትን ጨዋማ የተጠበሰ ሊጥ እየነከሩ ነው የሚበሉት፣ እኔ ፓስቲ ገዝቼ እነክራለሁ፣ ማንም አልከሰሰኝም።

የመርካቶው፦
ተሳካ! በጃስሚንና በዶሮ አጥንት፣ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሩዙ ሙክክ ብሎ ፍሬው ጠፋ፣ ባለቤቴም ደገመች። የተረፈውን ፍሪጅ ከተትኩት፣ ጠዋት ሳየው ማንኪያ ይተክላል፣ የእውነት ገንፎ ሆኗል። ተበላሸ ማለት ነው?

ጓንዡ ያለሁ፦
ኧረ አልተበላሸም። ሙቅ ውሃ ጨምረህ እያማሰልክ አሙቀው፣ ይመለሳል። ወይ ደግሞ መሀሉን ጎድጎድ አድርገህ ቅቤና በርበሬ ጨምርበት፣ ቻይናዎቹ አያዩህም።