ኮረሪማ ልንተክል ነው፤ የምታውቁ እርዱን

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ካፋ፣ ቦንጋ አጠገብ ተዳፋት መሬት ትቶልናል። ወንድሜ ነው እዚያ ያለው። ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ከታች ወንዝ አለ። እኔ ኮረሪማ እንትከል እላለሁ፤ እሱ ዛፉን መንጥረን በቆሎ እንዝራ ይላል። ፍሬ የሚሰጠው በስንት ዓመቱ ነው? ችግኙንስ አራት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ ማፍላት እችላለሁ?

የቦንጋ ልጅ፦ እህቴ፣ ዛፉን እንዳትነኩት! ኮረሪማ ያለ ጥላ አይሆንም። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ ካላችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ብርሃን እንዲገባ ቅርንጫፉን ብቻ አሳሱት። አበባው የሚወጣው ከሥር፣ ከአፈሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ አረሙን በእጅ ንቀሉ፤ ዶማ አበባውን ይጨርሰዋል። በዘር ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት መጠበቅ ነው። ሥሩን ከነቡቃያው ከፍላችሁ ከተከላችሁ ቶሎ ይደርሳል። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ደግሞ ጦጣ ጠብቁ። እኛ አንድ ዓመት ቸል ብለን ባዶ ቅርፊት ለቅመናል።

የግብርና ባለሙያ፦ ኮረሪማ የሚስማማው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ያለው እርጥብ ቦታ ነው። አራት ኪሎ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ ብርዱ ይጎዳዋል። ችግኙን እዚያው አፍሉ። ተዳፋቱ አያስፈራችሁ፤ ሥሩ ወደ ጎን እየተዘረጋ አፈር ይይዛል። ዛፉ ተመንጥሮ በቆሎ ቢዘራ ግን አፈሩን ጎርፍ ይወስድባችኋል።

መርካቶ ቅመም ተራ፦ እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሳይቀላ አትልቀሙ። ሌባ ይቀድመናል ብለው ጥሬውን የሚለቅሙ አሉ። እጅ ላይ ሲይዙት ይቀልላል፤ ሲሰበር ፍሬው የነጣ ነው፣ ሽታም የለው። የበሰለው ውስጡ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ አንዱን ሰብሬ ሽታው እስከ ማታ ከጣቴ አይለቅም። ለእሱ ዋጋ አንከራከርም። ስታደርቁ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስጡት። እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ካፈናችሁት ይሻግታል።

የአራት ኪሎዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አሁኑኑ ለወንድሜ ደውዬ አነበብኩለት። ዛፉ ይቆይ ብሏል። በቆሎውን ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ ይዘራል። የሚተከለውን ሥር ከየት እናግኝ?

የቦንጋ ልጅ፦ ጎረቤት ጠይቁ፣ አይነፍጓችሁም። ደህና ከሚያፈራው ይሁን እንጂ። ዝናቡ ሲገባ ትከሉ።