«ለአገሩ በቃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ትርንጎ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ቃል ይዞኛል። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ኦዲሴይ አሳጥሬ እየጻፍኩ ነው። አንድ አንጋፋ ተራኪ ታሪኩን ሲጨርስ «ኦዲሴዩስ ከሃያ ዓመት በኋላ ለአገሩ በቃ» ሲል ሰማሁ። ደስ ስላለኝ ወሰድኩት። አርታዒዬ ግን አሰመረችበት። «ደረሰ ወይም ገባ በዪ። በቃ ካልሽ ተገባው ማለት ነው፤ ይኼ ሰውዬ ደግሞ አልተገባውም» ትላለች። እኔ «በቃ» ሲባል የሚሰማኝ ሌላ ነው። ስንቱን መከራ አልፎ፣ ተርፎ፣ እንደምንም ደረሰ። የቱ ነው ልክ? ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባልና እባካችሁ።

ሥርወ ቃል፦
ከሥሩ እንነሣ። አማርኛው በቃ የግእዙ በቍዐ ነው። ጠቀመ፣ ረባ ማለት ነው። ወንጌሉ «ምንተ ይበቍዖ ለሰብእ» ሲል «ሰውን ምን ይጠቅመዋል» ማለቱ ነው። ስለዚህ «ለአገሩ በቃ» ጥንት «ለአገሩ ጠቀመ» ነበር። ጀግንነቱም እዚያ ላይ ነው። መድረስ የሚለው ትርጉም ኋላ የተለጠፈ ነው።

መሪጌታው፦
ልጄ፣ በግሱ አልጣላህም። አገባቡን ግን አላየኸውም። «ለወግ ለማዕረግ በቃ» ስንል ማዕረጉን ጠቀመው ማለታችን ነው? «ለዚህ ቀን ያበቃን አምላክ ይመስገን» ስንልስ? እዚህ ላይ «ለ» የሚያሳየው መድረሻውን ነው። የእህታችን ጥያቄ ሌላ ነው። በገዛ ችሎታው ደረሰ ወይስ በቸርነት? «የበቁ አባት» ይባላል። አንድ አባት ግን ብድግ ብለው «እኔ በቅቻለሁ» አይሉም። ያሉ ዕለት አልበቁም። በቃ ብሎ የሚመሰክርልህ ሌላ ነው፣ የሚያበቃህም ሌላ ነው። የግሪኩ ሰውዬ በራሱ ጉልበት ከደረሰ «ገባ» ይባልና ይለፍ።

አራት ኪሎ፦
መሪጌታ፣ እንግዲያውስ «በቃ» የሚለውን ደገፉት። ኦዲሴዩስ በራሱ ጉልበት አልደረሰም። ፌያካውያን የሚባሉ ባሕረኞች ናቸው ተኝቶ ሳለ ያደረሱት። ከነአንሶላውና ከነምንጣፉ አንሥተው የአገሩ የኢታካ አሸዋ ላይ አስተኙት፣ ስጦታውን ወይራ ሥር ከምረው ሄዱ። ሲነቃ አገሩን አላወቃትም። አቴና የምትባል አምላክ ጭጋግ አልብሳበት ነበር። ጭኑን በእጁ እየመታ «ደግሞ የማን አገር መጣሁ?» ብሎ አለቀሰ። አሥር ዓመት በጦርነት፣ አሥር ዓመት በመንገድ ሲመኛት የኖረችውን አገር ነው እንዲህ የሚላት። ይኼ ገባ አይባልም። አበቁት እንጂ።

ደግሞ ግሪኮቹ ለእንዲህ ያለው መመለስ ኖስቶስ የሚል ቃል አላቸው። ከገበያ መመለስ አይደለም። ከጦርና ከባሕር ተርፎ ቤት መግባት ነው። የሽማግሌውን ንጉሥ የኔስቶርን ስም ከዚሁ ሥር የሚያወጡት ሊቃውንት አሉ። እውነትም ከትሮያው ጦርነት በሰላም ከተመለሱት አንዱ እሱ ነው።

ቆሎ ተማሪ፦
እኔ አንድ ነገር አለኝ፣ አትሳቁ። በቃ፣ በቀለ፣ ተበቀለ። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሰውዬው ለአገሩ በቃ። ከገዛ መሬቱ እንደገና በቀለ። ሚስቱን የከበቧትን 108 ጎረምሶች ደግሞ ተበቀለ። ይኸው፣ ታሪኩ በሙሉ በአንድ ግስ አለቀ። አልጋው እንኳ ከነሥሩ ከቆመ ወይራ የተጠረበ ነው። ሚስቱ ፔኔሎፔ ልትፈትነው «አልጋውን ወደ ውጭ አውጡለት» ስትል የተቆጣው ለዚህ ነው። ሥር ያለው አልጋ እንዴት ይወጣል?

መሪጌታው፦
ለተክሉ በቈለ ነው፣ በ«ቈ»። ለደም መመለሱ ተበቀለ ነው፣ በ«ቀ»። በቍዐ ደግሞ መድረሻው ዐይን እንጂ ላዊ አይደለም። ሦስት ቤት ነው። አማርኛ «ቈ»ን እየዋጠ ስላቀላቀላቸው አንድ መስሎህ ነው። እኛ ቅኔ በቆጠርንበት ጉባኤ እንዲህ ያምታታ ሰው ጉባኤ ቃና እንኳ አይፈቀድለትም ነበር።

ቆሎ ተማሪ፦
ወይራውን ግን አልነኩትም፣ መሪጌታ።

ፊደላዊት፦
እኔ የአርታዒዋን ነገር ማንም አለመስማቱ ገርሞኛል። ሴትዮዋ ልክ ናት። ሰውዬው ከትሮያ የወጣው 12 መርከብ ይዞ ነው። ላይስትሪጎናውያን የሚባሉ ግዙፎች ወደብ ላይ 11ዱን በድንጋይ አደቀቁለት። ሰዎቹን እንደ ዓሣ እየወጉ ለምሳ ወሰዷቸው። የእሱ መርከብ የተረፈችው ከወደቡ ውጭ ስላሰራት ነው። ልብ በሉ፣ የራሱን ብቻ ነው ውጭ ያሰረው! እሷም ኋላ ጠፋች። ከሁሉም አንድ ሰው አልተመለሰም፣ ከእሱ በቀር። በመጨረሻው መጽሐፍ ከጎረምሶቹ የአውራው የአንቲኖስ አባት ሕዝቡን ሰብስቦ የሚለው ይኼንኑ ነው። መርከቦቻችንን አጠፋ፣ ሰዎቻችንን ጨረሰ፣ ተመልሶ ደግሞ የቀሩትን ምርጦች ፈጀ። እነዚያ እናቶች «ለአገሩ በቃ» የሚለውን ቢሰሙ «ምነው ባልበቃ» ነው የሚሉት።

አራት ኪሎ፦
ገጣሚው ገና ከመነሻው መልሶልሻል። የራሱን ነፍስና የባልደረቦቹን መመለስ ለማትረፍ ብዙ ደከመ፣ እነሱ ግን የፀሐይን አምላክ ከብቶች በልተው በገዛ ጥፋታቸው አለቁ ይላል።

ፊደላዊት፦
ከብቶቹን የበሉት በአንዷ መርከብ የነበሩት ናቸው። 11ዱ ምን በልተው ነው?

አራት ኪሎ፦
...

ዳዊት ደጋሚ፦
ወደ ጀግንነቱ ከመጣችሁ፣ ጀግናስ የትሮያው ተዋጊ አኪሌስ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያለ ሰው። በሆሜር ሌላው ግጥም በኢሊያድ 9ኛ መጽሐፍ ሁለት ዕጣ እንዳለው ይናገራል። እዚህ ሆኜ ከተዋጋሁ መመለሴ ይቀራል፣ ዝናዬ ግን አይጠፋም። አገሬ ከገባሁ ዝናዬ ይቀራል፣ ዕድሜዬ ግን ይረዝማል። ይኼን የሚናገረው ደግሞ ለማን ነው? ሊለምነው ለመጣው ለራሱ ለኦዲሴዩስ! አኪሌስ አንዱን መረጠ። ይኼኛው ሁለቱንም ወሰደ። እኔ ከመረጠው ጋር ነኝ።

ቆሎ ተማሪ፦
መርጦስ ምን አተረፈ? ኋላ ሲኦል ላይ ሲገናኙ ኦዲሴዩስ «አንተ እኮ እዚህም ጌታ ነህ» ብሎ ሊያጽናናው ይሞክራል። አኪሌስ ግን «በሙታን ሁሉ ላይ ከምነግሥ ርስት በሌለው ድሀ ቤት ተቀጥሬ ባርስ ይሻለኛል» አለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንጂ ባለስሙ ያው ከመቃብር በታች ነው።

ዳዊት ደጋሚ፦
ቀጥሎ ያለውንም አንብባት እንጂ። ወዲያው ስለ ልጁ ይጠይቃል። ልጁ ትሮያ ላይ ስሙን እንዳስጠራ ሲነገረው ደስ ብሎት በሰፊ እርምጃ ይሄዳል። ዝናን የናቀ ሰው እንዲህ አይራመድም።

ሥርወ ቃል፦
«ዝና» ካላችሁማ ይኼን ሳልናገር አልተኛም። ግሪኩ ክሌኦስ ነው። ከመስማት የወጣ ቃል ነው፣ የሚሰማ ነገር ማለት። የኛው ዝናም ከግእዙ ዜና ነው፣ ዜነወ፣ አወራ፣ ነገረ። ዝና ማለት ሰው የሚያወራልህ ዜና ነው። አሁን ኦዲሴይ 3ኛ መጽሐፍን ክፈቱ። የኦዲሴዩስ ልጅ ቴሌማኮስ አባቱን ፍለጋ ኔስቶር ዘንድ ሄዶ «የአባቴን ሰፊ ክሌኦስ ፍለጋ መጣሁ፣ ምናልባት ብሰማ» ይላል። እዚህ ዝና ነው ወይስ ዜና? ልጁ የሚፈልገው ወሬ ነው፣ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚለውን። ግን አባቱ ስለሆነ ወሬው ራሱ ዝና ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ለማለት ከአማርኛ የተሻለ የለም።

መሪጌታው፦
ይኼ እንኳ ደህና ነው። ብቻ ለጀግና ሥራ ዝና ያንሳል። ገድል ነው የሚባለው። ጳውሎስም «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ» ብሎ እንጂ ዝናዬ ወጣ ብሎ አልጻፈም።

ፊደላዊት፦
መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንግዶቹን አዳራሽ ቆልፎ የፈጀ ሰው ገድል ሊጻፍለት ነው?

መሪጌታው፦
ገድል ትግል ነው፣ ልጄ። ጻድቅ ነው አላልኩም።

ትርንጎ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም እየተማርኩ ነው። ታዲያ «በቃ» ልበል ወይስ «ገባ»?

ሥርወ ቃል፦
እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ናፍቆትን ሳናነሣ ስለ መመለስ ማውራት አይሆንም። «ኖስታልጂያ» የሚለውን ፈረንጆች የጥንት ግሪክ ያስመስሉታል እንጂ በ1688 ባዝል ላይ ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ የፈጠረው ነው። ኖስቶስን ከሕመም ጋር ሰፋው። እኛ መስፋት አላስፈለገንም። ግእዙ ነፈቀ ሲል ለሁለት ከፈለ ማለቱ ነው። መንፈቅ ግማሽ ነው። መናፍቅ ልቡ የተከፈለ ነው። ናፍቆትም ያው ነው፣ ግማሽህ እዚያ፣ ግማሽህ እዚህ። ኦዲሴዩስ ካሊፕሶ የምትባል አምላክ ደሴት ላይ ሰባት ዓመት የኖረው እንዲህ ነው። ቀን ቀን ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን እያየ ያለቅሳል። ሌሊት ዋሻዋ ውስጥ አብሯት ያድራል። አትሞትም አታረጅም ብላዋለች፣ እሱ ግን የአገሩን ጭስ ሲወጣ አይቶ ቢሞት ይመርጣል። ሚስቱ በመልክ ከካሊፕሶ እንደማትደርስ ራሱ ያምናል። ቢሆንም ቤቴ ይላል። ለሁለት መከፈል ማለት ይኼ ነው።

ቆሎ ተማሪ፦
ስለዚህ አረብ አገር ሆና እናቷ የናፈቀቻት እህቴ መናፍቅ ናት?

መሪጌታው፦
አንተን ነው ማውገዝ።

የባሕር ዳር ልጅ፦
ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን ዋናውን ዘላችሁታል። ሰውዬው ለአገሩ የበቃው በእኛ ድግስ ነው። መጽሐፍ 1፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ። ጠላቱ የባሕር አምላክ ፖሴይዶን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሄዶ የበሬና የአውራ በግ መሥዋዕት እየበላ ነው። አማልክቱ እሱ በሌለበት ተሰብስበው ኦዲሴዩስ ይመለስ ብለው ወሰኑ። በ5ኛው መጽሐፍ ፖሴይዶን ከድግሱ ሲመለስ ሰውዬውን ባሕር መሐል በእንጨት ርብራብ ላይ አየው። ከዚያማ ማዕበሉን አወረደበት። ድግሱ ትንሽ ቢራዘም ኖሮ ያለ ችግር በገባ ነበር።

አራት ኪሎ፦
ቀስ በል። የሆሜር ኢትዮጵያውያን በምድር ዳርቻ፣ ገሚሶቹ ፀሐይ መውጫ ገሚሶቹ መጥለቂያ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ካርታ ላይ በጣት አይጠቆሙም። ኢሊያድ 1 ላይም የአማልክት አለቃ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ይሄዳል፣ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው።

የባሕር ዳር ልጅ፦
12 ቀን የሚደገስበት አገር? በጣት ባይጠቆምም ጎንደር ነው።

ፊደላዊት፦
ከቀለዳችሁ አይቀር፣ የመቅዘፊያውን ነገር ጨምሩበት። ነቢዩ ቲሬስያስ ለኦዲሴዩስ ቤትህ ገብተህም አላለቀም ይለዋል። መቅዘፊያ ተሸክመህ ወደ መሐል አገር ሂድ። ባሕር የማያውቁ፣ ምግባቸው ጨው የሌለበት ሰዎች ዘንድ እስክትደርስ ሂድ። አንድ መንገደኛ አግኝቶህ ትከሻህ ላይ ያለውን መቅዘፊያ የእህል ማዝሪያ ብሎ ሲጠራው እዚያው ትከለው፣ ለፖሴይዶን ሠዋ። አያችሁ፣ ሰውዬው ለአገሩ ቢበቃም አገሩ ለእሱ ገና አልበቃችውም።

የባሕር ዳር ልጅ፦
የእኛ ደጋ ነው! መሐል አገር፣ ባሕር የለ፣ አውድማው ሙሉ።

ቆሎ ተማሪ፦
ጨውስ? አሞሌ እንደ ብር ሲገበያይበት የኖረ አገር ጨው አያውቅም ልትለኝ ነው? ደግሞ አንተ ራስህ የጣና ልጅ ነህ። ታንኳ እያየህ አድገህ መቅዘፊያ ይጠፋሃል?

ትርንጎ፦
ፊደላዊት፣ ይኼን ክፍል ልጆቹ ይወዱታል፣ አስገባዋለሁ። መቅዘፊያውን ምን ብሎ ይጠራው? መንሽ?

መሪጌታው፦
መንሽ።

ዳዊት ደጋሚ፦
መሪጌታ፣ በዚህኛው አልስማማም። መንሽ ጣት አለው። መቅዘፊያ ጣት የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው። መንገደኛው ያምታታው ከላይዳ ጋር ነው።

መሪጌታው፦
እኛ አገር መንሽ ነው የሚያዘራው።

ዳዊት ደጋሚ፦
መንሹ ጭዱን ያነሣል። ከሥር የቀረውን እህል ከነእብቁ ለነፋስ የሚሰጠው ላይዳ ነው። ግሪኩ ቃል ራሱ «እብቅ አጥፊ» ማለት ነው፣ ጭድ አንሺ አይደለም።

መሪጌታው፦
አውድማ ላይ ቆመህ ታውቃለህ?

ዳዊት ደጋሚ፦
የገበሬ ልጅ ነኝ፣ መሪጌታ። እርስዎ አውድማ የሚመጡት ለቁራሽ አልነበረም?

ቆሎ ተማሪ፦
ኧረ ተው! አሁን ነው ማዕበሉ የተነሣው።