አንባቢ ብቻ እያለ 64 ኮር ላይ ሞጁሌ ለምን ይዘገያል?

ማለዳ ጠየቀች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሊኑክስ ከርነል የፓኬት ማጣሪያ ሞጁል እየጻፍኩ ነው። ፓኬት በመጣ ቁጥር የሚነበብ የሕግ ሠንጠረዥ አለኝ። የሚቀየረው በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። በአንድ የአንባቢና ጸሐፊ ሎክ (ብዙ አንባቢ አብሮ፣ ጸሐፊ ግን ብቻውን የሚገባበት ቁልፍ) ጠብቄዋለሁ። ባለ 4 ኮር ላፕቶፔ ላይ ምንም ችግር የለም። 64 ኮር ያለው ሰርቨር ላይ ግን ከ8 ኮር በኋላ ፍጥነቱ መጨመር አቆመ፤ ሁሉም ኮር ሲሠራ ጭራሽ ወረደ። የለካሁት ማንም ሠንጠረዡን በማይቀይርበት ሰዓት ነው። አንባቢዎች እርስ በርስ አይከላከሉም አይደል? ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱን ሎክ ልስጥ ብዬ አስቤያለሁ፤ አሠራሩን ግን በደንብ አልያዝኩትም። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ።

ጉልላት፦
ሰላም ማለዳ። አንባቢው ሎኩን ሲይዝ ቆጣሪ ላይ «ገባሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ሲወጣም «ወጣሁ» ይላል። ላንቺ ማንበብ ነው፤ ለማሽኑ ግን መጻፍ ነው። ቆጣሪው የተቀመጠበትን የካሽ መስመር (ማሽኑ በአንድ ላይ የሚያንቀሳቅሰውን የፈጣን ማኅደረ ትውስታ ቁራጭ) በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችለው አንድ ኮር ብቻ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ይህ መስመር 64 ባይት ነው። ስለዚህ ኮሮቹ መስመሩን ሲነጣጠቁ ይውላሉ። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት በአንድ መዝገብ ላይ ሲፈርም አስቢው። ማንም ማንንም አልከለከለም፤ ሰልፉ ግን አይቀርም። ሰርቨሩ ባለ ሁለት ሶኬት (ሁለት የፕሮሰሰር ቺፕ ያለው) ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ መዝገቡ ከሕንፃ ሕንፃ ይመላለሳል ማለት ነው።

ሐሳብሽ ትክክለኛ ነው። ለየኮሩ አንድ ስፒንሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ እየደጋገመ የሚሞክረው ሎክ) ይኖራል። አንባቢ የራሱን ኮር ሎክ ብቻ ይይዛል። ጸሐፊ ግን ሁሉንም፣ ከ0 ጀምሮ በቁጥር ተራ መያዝ አለበት። ሁለት ጸሐፊዎች በተለያየ ተራ ከጀመሩ ተያይዘው ይቀራሉ። ሎኮቹን ተራ አሬይ ውስጥ እንዳትደረድሪ። ስፒንሎክ በመደበኛው ከርነል 4 ባይት ነው፤ 16ቱ አንድ የካሽ መስመር ላይ ይሰፍራሉ፤ ያው የድሮው ሰልፍ ይመለሳል። ለየኮሩ የተለየ ቅጂ የሚይዘውን የከርነሉን ፐር-ሲፒዩ ተለዋዋጭ ተጠቀሚ።

የቀበና ልጅ፦
ጉልላት ያለው ላይ ልጨምር፤ እኔ በዚህ መንገድ ሄጄ ብዙ ሌሊት አጥቼበታለሁ። የኮሩን ቁጥር አንብበሽ ሎኩን ከመያዝሽ በፊት ሥራው ወደ ሌላ ኮር ሊዛወር ይችላል። ያኔ የ3ን ትይዢና ስትለቂ የ5ን ትለቂያለሽ። ሌላም አለ። የሚወጣ ፓኬት ከተራ ፕሮሰስ ሊመጣ ይችላል። እሱ ሎኩን ይዞ እያለ እዚያው ኮር ላይ የሶፍት ኢንተራፕት ሥራ (ፕሮሰሱን አቋርጦ የሚገባ የከርነል ሥራ፣ ለምሳሌ የገባ ፓኬት ማስተናገድ) ቢመጣና ያንኑ ሎክ ቢጠይቅ፣ ኮሩ ራሱን እየጠበቀ ይቆማል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈታልሽ ሎካል_ቢኤች_ዲሴብል (እዚያ ኮር ላይ ሶፍት ኢንተራፕትንም መዛወርንም የሚያግድ ጥሪ) ነው፤ የኮሩን ቁጥር *ከማንበብሽ በፊት* ጥሪው።

የጸሐፊው ወገን ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ሎክዴፕ (የከርነሉ የሎክ ስህተት መርማሪ) አንድ ሥራ በአንዴ እስከ 48 ሎክ ብቻ ነው የሚከታተለው፤ አንቺ 64 ልትይዢ ነው። እያንዳንዱ ስፒንሎክ የፕሪኤምፕሽን ቆጣሪውንም (ሥራው መሃል ላይ ተቋርጦ ኮሩ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚያግደውን) በአንድ ይጨምራል፤ ለዚያ የተመደበው 8 ቢት ነው፣ 255 ላይ ይሞላል። ዛሬ ባለ 256 ኮር ሰርቨር ብርቅ አይደለም። ቀድሞ ከርነሉ ውስጥ የነበረው ኤልጂሎክ (ይህንኑ ለየኮሩ አንድ ሎክ የመስጠት ዘዴ የሚጠቀም ሎክ) ፕሪኤምፕሽንን አንዴ ዘግቶ ከታች ያለውን ጥሬ ስፒንሎክ በቀጥታ ይይዝ የነበረው ለዚህ ነው። ዙሩንም አሁን በበሩት ኮሮች ሳይሆን ሊኖሩ በሚችሉት ሁሉ ላይ አድርጊው፤ ኮር መሃል ላይ ሊበራ ይችላል።

አንድ ኮር፦
ማለዳ፣ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የሊኑክስ ፓኬት ማጣሪያው አይፒቴብልስም እ.ኤ.አ. በ2009፣ በከርነል 2.6.30፣ ከአንድ የጋራ ሎክ ወደ ፐር-ሲፒዩ ሎክ ዞሮ ነበር። ግን በቀን ሁለቴ ለሚቀየር ሠንጠረዥ አንባቢው ለምን ሎክ ይይዛል? አርሲዩ (ያለ ሎክ የማንበቢያ ዘዴ) ሊኑክስ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ አለ። አንባቢው የጋራ ማኅደረ ትውስታ ላይ ምንም አይጽፍም። ጸሐፊው ሠንጠረዡን ይገለብጣል፣ ቅጂውን ያስተካክላል፣ ፖይንተሩን ይቀይራል፣ የቆዩት አንባቢዎች እስኪወጡ ጠብቆ አሮጌውን ያጠፋል። እኔ ፐር-ሲፒዩ ሎክን የምመርጠው ሠንጠረዡ ለመገልበጥ ሲከብድ፣ ወይም አንባቢው ውስጡ የሆነ ነገር ሲቀይር ነው። ፐር-ሲፒዩ አርደብሊውሴም የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፤ ይህ የአንባቢና ጸሐፊ ሎክ ሲጠብቅ ሥራውን ያስተኛል፣ ፓኬት መንገድ ላይ መተኛት አይፈቀድም።

ማለዳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ አርሲዩ ቀየርኩት። በጣም ተሻሽሏል፤ ግን ከ30 ኮር በላይ አሁንም ቆመ! አሁን ምንም ሎክ የለም። ምን ቀረ?

የቀበና ልጅ፦
አይዞሽ። ሕጉ ስንት ጊዜ እንደተመታ የምትቆጥሪበት አቶሚክ ቆጣሪ (ኮሮቹ ሁሉ የሚጋሩት፣ ጭማሪው መሃል ላይ የማይቋረጥ) አለሽ? የፐርፍ መለኪያ መሣሪያን ሲቱሲ ትእዛዝ አስኪጂው፤ የትኛው የካሽ መስመር እንደሚመላለስ ይነግርሻል።

ማለዳ፦
አገኘሁት! በየሕጉ አንድ አቶሚክ ቆጣሪ ነበረኝ፤ አብዛኛው ፓኬት ደግሞ ያንኑ የመጀመሪያውን ሕግ ነው የሚመታው። ፐር-ሲፒዩ አደረግኩት፤ ሰው ቁጥሩን ሲጠይቅ ብቻ ይደመራል። ድምሩ እየተነበበ ሳለ ትንሽ ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል ገብቶኛል፣ ለስታቲስቲክስ ይበቃኛል። አሁን እስከ 64 ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሦስት ሳምንት የታገልኩበት ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጉልላት፦
እንኳን ደስ አለሽ! አሮጌውን ሠንጠረዥ በኮል_አርሲዩ (አንባቢዎቹ ሲወጡ የማጥፊያ ኮድሽን ቆይቶ የሚጠራልሽ) የምታጠፊ ከሆነ፣ ሞጁሉ ሲነቀል አርሲዩ_ባሪየርን (የቀሩት ጥሪዎች እስኪያልቁ የሚጠብቀውን) መጥራት እንዳትረሺ። አለበለዚያ ኮዱ ከማኅደረ ትውስታ ከወጣ በኋላ ጥሪው ይመጣና ከርነሉ ይወድቃል።