ሁለት ክፍል ቤት፣ የከሰል ጭስ፣ የጠፋ እንቅልፍ፦ ከየት ልጀምር?

ደንገል

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ተከራይተን እንኖራለን፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት። ቡና የምናፈላው በከሰል ነው፤ ብዙ ጊዜ 11 ሰዓት ላይ ይጀመርና ማታ 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። ስንተኛ ለትንኝ የሚጨሰውን ጥቅል እንለኩሳለን። ጠዋት ራስ ምታት አለ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ደግሞ በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው «ሰውነትን ከመርዝ የሚያጸዳ» ሻይ ይረዳል? ካልረዳ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ በየቀኑ ሊደረግ የሚችል ነገር ንገሩኝ። የቱ እንደሚቀድምም ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። እህታችሁ።

ዋንዛ

እህቴ፣ ሻዩን ተዪው። ደምን የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ማንም ሳያዛቸው ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። እንዲህ ያሉ ሻዮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሰነመኪ ነው፤ እሱ አንጀትን አስገድዶ ያስቀምጣል እንጂ መርዝ ለይቶ አያወጣም። ሆድ ቀለል ያለ የሚመስለው ውሃው ስለወጣ ነው። ሲደጋገም ደግሞ ከውሃው ጋር ፖታሲየም ያልቅና ድካም ያመጣል፣ የልብ ምትንም ያዛባል።

የጠዋቱ ራስ ምታት ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሰሉ ነው። ከሰል ፍም ከሆነ በኋላ ጭሱ ስለማይታይ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ አየር ባጠረው ቁጥር ደግሞ ይበዛል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ሰውነት ይዝላል፤ ብዙ ከሆነ የተኛው ሰው አይነቃም። መለያው ይህ ነው፦ ከአንድ በላይ የቤቱ ሰው አብሮ ከታመመ፣ ውጭ ወጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ስትቆዩም ከቀለላችሁ፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሰው ተዝለፍልፎ ከወደቀ ወደ ውጭ አውጥቶ ቶሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው፤ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል።

ማንደጃውን ውጭ ለኩሱት። ማቀጣጠያው ፌስታል አይሁን። ፌስታል ሲነድ ቀልጦ ጠብ ጠብ እያለ ከሰሉ ላይ ይወርዳል፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ በዚያው ፍም ላይ ነው ቡናው የሚቆላው፣ ዕጣኑም የሚጨሰው። ያረጀ ጫማና የጎማ ቁራጭም ያው ነው። በምትኩ ሁለት ጣት ውፍረት ያህል ጭራሮና ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሥር አድርጊ፤ ደቃቁን ከሰል ቀድመሽ፣ ትልልቁን ከላይ ደርድሪ፤ የማንደጃውን አፍ ወደ ነፋሱ አዙሪው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ፊቱ አመድ ይለብሳል፤ ወደ ቤት የሚገባው ያኔ ነው። ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሉ እርጥብ ሆኖ ነው፤ ክረምት ላይ ወለል ላይ ሳይሆን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ቤት ሲገባ ማንደጃው በሩ አጠገብ ይቀመጥ። በሩም መስኮቱም ይከፈት፤ አንዱ ብቻ ከሆነ አየሩ ባለበት ይቆማል እንጂ አይዘዋወርም። ቡናው እንዳለቀ ፍሙን አውጥታችሁ ውጭ አጥፉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ «ትንሽ ያሙቀን» ተብሎ ማንደጃ መኝታ ቤት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ቤተሰብ የሚያልቀው በዚህ ነው። ዕጣንም ጭስ ነው፤ ለአንድ ቡና ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል።

ፋሲሎ ማዶ

አየሩ ይቅደም። ቀጥሎ እንቅልፉ።

የተጠጣ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ቢለያይም። 12 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣ ሰው ማታ 5 ሰዓት ላይ ጋደም ሲል ግማሹ ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው። «እኔን ቡና አይነካኝም፣ ጠጥቼ እተኛለሁ» የሚል ብዙ ነው። መተኛቱንስ ይተኛል፤ እንቅልፉ ግን ይሳሳል፣ በትንሽ ኮሽታ ይባንናል፣ ጠዋት ደክሞት ይነሳል፣ ድካሙን ለማባረር ደግሞ ሌላ ቡና ይጠጣል።

ቡናውን አቁሙ አልልም። ጎረቤት የሚጠራራበት፣ የሆድ የሚወራበት ሰዓት እሱ ነው፤ ለአእምሮ የሚሰጠው እረፍት ቀላል አይደለም። ሰዓቱን ወደ 8 ሰዓት መሳብ ነው። እናትሽ የ11 ሰዓቱን የማይለቁ ከሆነ አንቺ በረካውን ብቻ ጠጪ፤ ከአንዱ ዱቄት ሦስተኛ ጊዜ የሚወጣ ስለሆነ ቀጭን ነው። በቡና ፈንታ ቅሽር ማፍላት አይሆንም፣ ገለባውም ካፌይን አለው። ዝንጅብል ወይም ጠጅ ሳር ሻይ ቅጠል ሳይገባበት ቢፈላ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃም ከሆነ ደግሞ ከቡናው በፊት የሚታረመው እሱ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል፣ በማግሥቱ ስሜትን ያወርዳል።

የመኝታ ሰዓትን ለማስተካከል ከጠዋቱ ጀምሪ። ሌሊቱ ምንም ይሁን ምን፣ እሑድም ቢሆን፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሺና በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጅ ውጪ። ዓይን የጠዋት ብርሃን ሲያገኝ የሰውነት ሰዓት ይስተካከላል፤ ማታም እንቅልፉ በጊዜው ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ አንድ ደርሶ መልስ 760 ሜትር ይሆናል። አራት ጊዜ መመላለስ 3 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፤ ፈጠን ባለ እርምጃ 35 ደቂቃ ገደማ ነው። ድልድዩ ከራቀሽ ከጊዮርጊስ አካባቢ የሐይቁን ዳር ይዘሽ ሂጂ። ግን እግርሽን ውሃው ውስጥ አትንከሪ። ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ትሉ ቆዳ ሰርስሮ ሲገባ አይታወቅም።

መነጫነጩ ሲመጣ ትንፋሽን ቀስ ማድረግ ይረዳል፦ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠርሽ ወደ ውስጥ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ወደ ውጭ። በደቂቃ 6 ይመጣል፤ 5 ደቂቃ ማለት 30 ትንፋሽ ነው። መቁጠሪያ ካለሽ ለየትንፋሹ አንድ ፍሬ እያሳለፍሽ 30 ቁጠሪ፣ ሰዓት ማየት ቀረ። ወደ ውጭ የሚወጣው ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረቱን ነፍቶ አየር በማብዛት ነው፤ ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣና ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊው፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ሆድሽ እንጂ ትከሻሽ መሆን የለበትም።

ስልክሽ ሌላኛው ክፍል ቻርጅ ይደረግ። ወሬና ዜና በቀን ሁለት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ይበቃል፤ የቴሌግራም ቡድኖችን ድምፅ አጥፊው።

ቄጠማ

ዋንዛ በጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባሕር ዳር ላይ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ማታ በርና መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ትንኝ መጋበዝ ነው። በተለይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ውሃ ያቆረ ቦታ ሁሉ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ስለዚህ ቡናው ወደ 8 ሰዓት ቢመለስ ለእንቅልፉም፣ ለጭሱም፣ ለወባውም አንድ መፍትሔ ነው፦ በቀን ከፍታችሁ ታናፍሳላችሁ፣ 12 ሰዓት ላይ ትዘጋላችሁ። መስኮቷ አንድ ብቻ ስለሆነች የሽቦ ወንፊት ማስመታት ወጪው ትንሽ ነው፤ ያኔ ሌሊትም ትከፈታለች።

የሚጨሰውን ጥቅል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለኩሶ መተኛት ይቅር። አንዱ 7 እና 8 ሰዓት ይነዳል፤ አብዛኛው የእንጨት ብናኝ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ስትተነፍሱ ታድራላችሁ። አጎበር ይሻላል፤ አያያዙን ግን ብዙ ሰው ይስተዋል። አዲሱን ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት 24 ሰዓት ጥላ ላይ ስቀሉት፤ ያለዚያ ፊትና ዓይን ያቃጥላል። ስታጥቡት በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ብቻ፤ በረኪና መድኃኒቱን ያጠፋዋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት። መድኃኒቱ 20 እጥበት ያህል ነው የሚችለው፤ በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው በአምስት ወር ይጨርሰዋል፣ በየሦስት ወሩ ከሆነ ግን አጎበሩ ሦስት ዓመት ያገለግላል። ጫፉን ሳይመሽ ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቁት፤ ቀዳዳውን በመርፌ ስፉት።

ደግሞ ራስ ምታቱ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለበት ከሰል ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ተመርመሩ።

ደንገል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናውን ከነገ ጀምሮ ወደ 8 ሰዓት እናዞረዋለን። አንድ የረሳሁት አለ፦ የምንተኛበት ክፍል አልጋ ሥር አንድ ጆንያ በቆሎ አለ፤ ነቀዝ እንዳይበላው ሻጩ ኪኒን ከትቶበታል። ይህስ ችግር አለው?

ዋንዛ

አለው፤ ይህ ከከሰሉም ይቀድማል። ዛሬ ማታ እዚያ ክፍል አትተኙ።

የነቀዝ ኪኒን የሚባለው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። በእህሉና በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ማርከሻ የለውም። አንዳንዴ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው፤ ግን ሽታው ስላልመጣ ጋዝ የለም ማለት አይደለም። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ጆንያውን ራሳችሁ እየጎተታችሁ አትፍቱት፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ። ኪኒኑ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ጋዙን በአንድ ጊዜ ያስወጣዋል። ተመናምኖ ግራጫ ዱቄት የሆነውም ገና ያልጨረሰ ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካ። አሁን ደረት የሚጨንቀው፣ የሚያስታውከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ሐኪም ቤት ሄዶ ኪኒኑን በስሙ ይናገር።

ለወደፊቱ መድኃኒት የማይፈልግ ዘዴ አለ፤ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት፦ ውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ውጩ ተራ ማዳበሪያ ጆንያ። እህሉን ሞልታችሁ አየሩን ጨምቃችሁ ካወጣችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻው ጠምዝዛችሁ እሰሩ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ኦክሲጅኑን ጨርሶ ይሞታል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትክፈቱት፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባለታል። ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት፤ አይጥ አንዴ ከበሳው አለቀለት።

ብዙ ሰው ከረጢቱን የሚያማርረው እህሉ ሳይደርቅ እየከተተ ነው፤ እርጥብ እህል ሲታፈን ይሻግታል፣ የሻገተ በቆሎ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ ቢታጠብም ቢቀቀልም አይለቅም። መድረቁን በጨው ለኩት፦ በደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ክደኑት፣ ጥቂት ደቂቃ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ምንም ሳይለጠፍ ከወረደ ክተቱት።