አስቸኳይ! ቴሳውረስ ፋይል አስገብቼ ካርታው አልስተካከል አለኝ

ተመራቂ_ነኝ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ፣ ነገ ጠዋት አማካሪዬ ፊት ነው የማቀርበው! በቁልፍ ቃላት የኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስን (ዕቃዎችን ከኢንተርኔት ጋር የማገናኘት ቴክኖሎጂ፣ በአጭሩ አይኦቲ) የምርምር አዝማሚያ እየሠራሁ ነው። የትኞቹ ቃላት አብረው እንደሚመጡ የሚያሳየው ካርታ ላይ «አይኦቲ»፣ «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» እና «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ (አይኦቲ)» ሦስት ትልልቅ ክብ ሆነው መሀሉን ይዘውታል፤ ሌላው ሁሉ የተወሳሰበ ክር ነው። ቴሳውረስ ፋይል (የአንድን ቃል የተለያዩ አጻጻፎች ወደ አንድ የሚያጠቃልል ዝርዝር) ሠርቼ ሰጠሁት፣ ምንም ለውጥ የለም።

ፊደል_ቆጣሪ፦ ወንድሜ፣ በምን ሶፍትዌር? ዳታው ከየት የወረደ ነው? ስህተት ይጽፋል? ጠንቋይ አይደለንም እኮ 😀

ተመራቂ_ነኝ፦ እህት ነኝ። ቮስቪወር፣ ካርታውን የሚሠራው ሶፍትዌር። ከስኮፐስ (የምርምር ጽሑፎች መረጃ ቋት) የወረደ ሲኤስቪ፣ የሠንጠረዥ ፋይል። ስህተት አይጽፍም፣ ዝም ነው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ከመሣሪያው በፊት መሠረቱን ማወቅ ይበጃል። ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ የሚለውን ስያሜ ኬቪን አሽተን በ1999 የተጠቀመው ስለ አርኤፍአይዲ (ዕቃን በሬዲዮ ሞገድ የሚለይ ቴክኖሎጂ) ሲያስረዳ ነው። ቃላት አብረው ሲመጡ የመስኩን መልክ ያሳያሉ የሚለውን ትንተና ደግሞ እነ ሚሼል ካሎን በ1980ዎቹ ያስተዋወቁት ነው። የዘንድሮ ተማሪ ግን ባለቀለም ክብ ካየ የተመራመረ ይመስለዋል...

ቢት_በቢት፦ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ነው ያለችው 😂 እህቴ፣ አንድ ቃል ካርታው ላይ ለመግባት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ከ5 ወደ 20 ከፍ አድርጊው፣ ይጠራልሻል።

ሰንሰር፦ ልክ ነው፣ ድግግሞሹን ከፍ አድርጊው።

ገመድ_አልባ፦ ድግግሞሹን ከፍ ብታደርጊ የሚጠፉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ሦስቱ ግዙፎች ንቅንቅ አይሉም። ስህተት ካልጻፈ የፋይሉ ቅርጽ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ለማንኛውም በኖትፓድ ክፈቺና ሁለቱ ዓምዶች በታብ መለየታቸውን፣ አናቱ ላይ «ሌብል» እና «ሪፕሌስ ባይ» የሚሉት በእንግሊዝኛ መኖራቸውን እዪ። የምጠረጥረው ግን ሌላ ነው። ያለቀውን ካርታ ከፍተሽ ከሆነ ቴሳውረሱ አይነካውም። ካርታውን ከሲኤስቪው እንደ አዲስ ፍጠሪ፤ የትንተና ዓይነትና የአቆጣጠር ዘዴ የሚመረጥበት ገጽ ላይ የቴሳውረስ ቦታ አለ፣ ፋይሉን እዚያ ስጪው። ቃሉም ዝርዝሩ ላይ እንደተጻፈው አንድ በአንድ ይሁን፤ ቅንፍ፣ ሰረዝ፣ የብዙ ቁጥር «ኤስ» ሳይቀር። ሲኤስቪውን በኤክሴል ከፍተሽ ሴቭ እንዳታደርጊ።

ሌላም አለ። ሦስቱን አንድ ብታደርጊያቸው የባሰ ግዙፍ ክብ ነው የሚወጣሽ፤ ጽሑፎቹን የፈለግሽው በዚሁ ቃል ስለሆነ ከሁሉም ጋር ይያያዛል። እኔ ብሆን አወጣው ነበር። የቀኙን ዓምድ ባዶ ብትተዪው ቃሉ ይዘለላል። ያኔ ኤምኪውቲቲ (መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ) ከማን ጋር እንደሚውል፣ ብሎክቼይን ከሴኪዩሪቲ ጋር ይጠጋ አይጠጋ ይታይሻል።

ተጠራጣሪው፦ ይሄ ሁሉ ሆኖ የሚወጣው ግን አዝማሚያ አይደለም። ክቡ ትልቅ ሆነ ማለት ብዙ ተጻፈበት ማለት እንጂ እያደገ ነው ማለት አይደለም። አርኤፍአይዲ በድሮ ጽሑፍ ብዛት ብቻ ሊገዝፍ ይችላል። ፎግ ኮምፒዩቲንግን (መረጃን ሩቅ ሰርቨር ጋ ሳይልኩ በመሣሪያዎቹ አቅራቢያ ማስላት) የሲስኮ ተመራማሪዎች በዚህ መስክ ያስተዋወቁት በ2012 ነው፤ እሱን ከ2005 ጽሑፍ ጋር አንድ ቋት ጨምረሽ ምኑን ታወዳድሪያለሽ? ዳታውን በዘመን ከፋፍለሽ ለየብቻ ሥሪው።

ተመራቂ_ነኝ፦ ለነገ አይደርስማ! ርዕሱም «አዝማሚያ» ተብሎ ጸድቋል።

ገመድ_አልባ፦ ካልደረሰ ኦቨርሌይ የሚለውን እይታ ተጠቀሚ፤ ቃላቱን በአማካይ የኅትመት ዓመት ያቀልማቸዋል። ሙሉ መልስ አይሆንም፣ ግን የትኛው ቃል አዲስ እንደሆነ ያሳያል። የደራሲዎቹን ቁልፍ ቃላት ብቻ መውሰድም ይሻላል፤ ስኮፐስ ራሱ የሚጨምራቸው ጥቅል ጥቅል ናቸው።

ሰንሰር፦ ድግግሞሹንስ ከፍ አደረግሽው?

ተመራቂ_ነኝ፦ ቆይ፣ እንደ አዲስ እየፈጠርኩ ነው።

ኖድ_ዜሮ፦ እንዴት ሆነ? እኔም እዚሁ ላይ ቆሜያለሁ፤ የኔ ዳታ ግን ከዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ከሌላው መረጃ ቋት ነው። የቴሳውረስ ፋይሉን የሚልክልኝ አለ?